ዋናውና ቅጂው

ሠዓሊ ባሕር ማዶ ሰንብቶ ወደ ሀገሩ ሲመለስ ምን ይዞ ይገባል? ንድፎች፣ ጥቂት ሸራዎች፣ በጥፍሩ ሥር የደረቀ ቀለም። ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው ፈረንሳዊ ግን ከጎንደር ሲመለስ የእጁን ሥራ እዚሁ ትቶ ሄደ፤ ጓደኞቹም በምትኩ የእኛን ሠዓልያን ሥራ ጠቅልለው ወሰዱ።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። በማርሴል ግሪዮል የሚመራው፣ አፍሪካን ከዳካር እስከ ጅቡቲ ያቋረጠው የጥናት ቡድን በዚያ ዓመት ክረምት ጎንደር ገባ። ያረፈው በኢጣልያ ቆንስላ ግቢ ነበር። (የዚያ ቆንስላ ባለቤቶች ከአራት ዓመት በኋላ በጦር ሠራዊት መምጣታቸውን አንባቢ ያስታውሳል።) ሩ የዘመናዊው ጥበብ ልጅ ነው፤ ሥዕሎቹን ይሸጥለት የነበረው የፒካሶም ነጋዴ የሆነው ካንዋይለር ነበር። ጎንደር የተጠራው ግን የራሱን ሊፈጥር ሳይሆን ሊገለብጥ ነው።

ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ያሠሩት የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች በግድግዳ ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ የተሣሉ ነበሩ። የጎንደር ሠዓሊ እንዲህ መሥራቱ ለዓይን ውበት ሰጠ፤ ለወሳጅም መንገድ ከፈተ። ጨርቅ ይላቀቃል፣ ይጠቀለላል፣ በበቅሎ ይጫናል። ሩ አዲስ ሸራ እየሣለ በቦታቸው ተለጠፈ፤ 60 ካሬ ሜትር ያህሉ ዋና ሥዕል ፓሪስ ገባ። ከእርሱም ጋር ከ300 በላይ የብራና መጻሕፍትና ክታቦች ተጓዙ።

ካህናቱ ተስማምተው ነበር፤ አሮጌው በአዲስ ይተካል ተብሏልና። ሥዕሎቹ ተጎድተው እንደነበርም እቀበላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1888 ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ስንት ሥዕል አመድ እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው፣ «ባይወሰዱ ይጠፉ ነበር» የሚለው ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው።

መገልበጥ ለጎንደር ነውር ሆኖ አያውቅም። ሠዓልያኖቻችን በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለችውን የእመቤታችንን ሥዕል በምስል ባገኟት ጊዜ ደጋግመው ሣሏት፤ ነጠላዋን አልብሰው፣ ዓይኗን አስፍተው የራሳቸው አደረጓት። በሮም ታትሞ ከመጣው የዐረብኛ ወንጌልም እንዲሁ ቀዱ። ሆኖም የሮሟ ሥዕል ዛሬም ሮም ናት። እኔ በምሠራበት ባንክ አንድ ሰነድ ሲገለበጥ ዋናው የማን፣ ቅጂው የማን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቃል። በአባ እንጦንስ የተለወጠው ይህ ሥርዓት ነው፤ ዋናው የእንግዳው፣ ቅጂው የባለቤቱ ሆነ።

ከተመላሾቹ መካከል ከልቡ የጻፈ ሚሼል ሌሪስ ነበር። የቡድኑ ጸሐፊ ስለነበረ በየዕለቱ የያዘውን ማስታወሻ እ.ኤ.አ. በ1934 መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። ዕቃዎች በየመንደሩ እንዴት እንደተወሰዱ፣ አንዳንዶቹም መሰረቃቸውን ሳይሸፍን ገለጠ፤ ግሪዮልም ተቀየመው። ጎንደርን በተመለከተ ሌሪስን ያሰረው ግን ሥዕሉ ሳይሆን የዛር ቤት ነበር፤ ስለ ጎንደር ዛር እ.ኤ.አ. በ1958 ሌላ መጽሐፍ እስኪጽፍ ድረስ አልለቀቀውም። ከጉዞ የተመለሰ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ወደ አንዲት ከተማ በሐሳብ መመላለሱ ቅኔ ለሚወድ ሰው አያስገርምም። ደግሞም የሌሪስ ዕዳ አከፋፈል ይህ ይመስለኛል፦ ወሰድን ብሎ መጻፍ።

ሥዕሎቹ ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2025 ሙዚየሙ ከአፍሪካ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ያንኑ ጉዞ እንደገና የሚመረምር ዐውደ ርእይ አሳየ። እኔም ያን ሰሞን አንድ ውል በልቤ አረቀቅሁ። ከጎንደር ሠዓልያን ይሰብሰቡ፤ ፓሪስ ይሂዱ፤ ጥቂት ወራት ተቀምጠው 60 ካሬ ሜትሩን ይገልብጡ፤ ትኩሱን ቅጂ በሙዚየሙ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ፤ ዋናውን ጠቅልለው ይመለሱ። አሮጌው በአዲስ ይተካል፤ ያኔ ለካህናቱ የተነገረው ቃል ይኸው አልነበረምን?