የእህሉ ክምር እርጥበት

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ አንድ የእህል ክምር አስገቡ፤ ጣቶቻቸውም እርጥበት አገኙ፡፡ ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ሲናገር፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነም አስጠነቀቁ፡፡ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትን ይህን ሐዲስ ኢማም ሙስሊም ዘግበውታል፡፡ ልብ እንበል! ሰውየው እህሉ ደረቅ ነው ሲል አልተሰማም፡፡ ጥፋቱ ሸማቹ ማወቅ የሚገባውን መሸሸጉ ነው፡፡

ይህ መርህ በኋላ ዘመን ሥርዓት ሆነ፡፡ የገበያ ተቆጣጣሪው ሙሕተሲብ ይባል ነበር፡፡ በሰላሐዲን አል-አዩቢ ዘመን የነበሩት አሽ-ሸይዘሪ ለሙሕተሲቦች ባዘጋጁት መመሪያ፣ ሥጋ ሻጮች የፍየልን ሥጋ ከበግ ሥጋ እንዳይቀላቅሉ፣ የፍየሉን በዘዕፈራን ቀለም ነጥብ እንዲለዩ፣ ጅራቱም ሥጋው ተሸጦ እስኪያልቅ ተንጠልጥሎ እንዲቆይ ያዛሉ፡፡ ማንበብ የማይችል ሸማች እንኳ አይቶ ይለያል፡፡

ንግድ ባሕር ሲሻገር ግን እጅ ነክቶ የማያገኘው ሌላ እርጥበት መጣ፤ በሩቅ አገር የተፈጸመ ግፍ፡፡ በ1791 (እ.ኤ.አ) የእንግሊዝ ፓርላማ የባሪያ ንግድን የሚያግደውን ረቂቅ ውድቅ ሲያደርግ፣ ብዙ ቤተሰቦች በባሮች ጉልበት የተመረተ የካሪቢያን ስኳር አንገዛም አሉ፡፡ በ1820ዎቹም ስኳሩ በባሮች እንዳልተመረተ የሚገልጽ ጽሑፍ ያለባቸው የስኳር ማስቀመጫዎች ተሠርተዋል፡፡ በ1988 ደግሞ በኔዘርላንድ «ማክስ ሃቭላር» የተባለ ምልክት በቡና ማሸጊያ ላይ ወጣ፤ ለገበሬው የተሻለ ዋጋ መከፈሉን ለሸማቹ የሚናገር፡፡

ጁን 26 ቀን 1974 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በትሮይ ከተማ አንድ እሽግ ማስቲካ በባርኮድ ተሸጠ፡፡ ያ ጥቁርና ነጭ መስመር የዕቃውን ቁጥር ለሒሳብ ማሽኑ እንጂ ለሸማቹ አንዳች አይነግርም ነበር፡፡ ካሜራ ያለው ስልክ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ፡፡ በ2012 በፈረንሳይ የተጀመረው «ኦፕን ፉድ ፋክትስ» እና በ2013 በአሜሪካ የታወቀው «ባይኮት» ሸማቹ መደርደሪያው ፊት ቆሞ መስመሩን በስልኩ እንዲያነብ አስቻሉት፡፡ የመጀመሪያው የምግቡን ይዘት፣ ሁለተኛው ገንዘቡ ወደየትኛው ኩባንያ እንደሚሄድ ይነግሩታል፡፡

ሆኖም መሣሪያ የሚናገረው የተነገረውን ብቻ ነው፡፡ መዝገቡ ከማሸጊያው ላይ የተነበበውን ከያዘ፣ ማሸጊያው ሲዋሽ ስልኩም ይዋሻል፡፡ የዘዕፈራኑ ነጥብ የታመነው ከኋላው ሥጋውን የሚመረምር፣ አታላዩን የሚቀጣ ሙሕተሲብ ስለነበረ ነው፡፡ ስለዚህ «ሐላል» የሚል ማኅተምም ሆነ «ከግፍ የጸዳ» የሚል ምልክት ስናይ ማን ሰጠው? ማንስ መረመረው? ብለን መጠየቅ ይገባናል፡፡ ነጋዴውም ቢሆን ስልክ እስኪያጋልጠው መጠበቅ የለበትም፡፡ እርጥቡን ከላይ ማድረግ ዛሬም የእርሱ አማና ነው፡፡