የመልስ ብዛትና የመልስ እውነተኛነት፦ ከ1936 የምርጫ ካርድ እስከ ኢንተርኔት መጠይቅ

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ብሂል ለግለሰብ ብቻ ሳይሆን ለድርጅትም ይሠራል። አንድ ድርጅት ደንበኞቹ እርሱ በሌለበት የሚናገሩትን ለማወቅ የሚችለው ጠይቆ ነው። በዛሬው ጊዜ መጠይቅ አሰናድቶ በኢሜይል ወይም በስልክ የጽሑፍ መልእክት ለብዙ ሺህ ደንበኞች መላክ የአንድ ቀን ሥራ ሆኗል። ይሁን እንጂ የመላኩ ቅለት አንድ የቆየ ስሕተት መልሶ አምጥቷል፤ ይኸውም የመልስን ብዛት ከመልስ እውነተኛነት ለይቶ አለማየት ነው። የዚህ ስሕተት ታሪክ ለሙያ ባልደረቦቻችን የሚጠቅም ትምህርት አለው።

በአሜሪካ ይታተም የነበረው «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለ ሳምንታዊ መጽሔት ከ1916 እስከ 1932 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በተካሄዱት አምስት የፕሬዚዳንት ምርጫዎች አሸናፊውን አስቀድሞ በትክክል ተናግሮ ነበር። በ1936 ደግሞ ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች ካርድ ላከ። አድራሻቸውን ያገኘው በአብዛኛው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለንብረቶች መዝገብ ነበር። ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ተመለሰለት፤ በዚህም ተመርኩዞ አልፍሬድ ላንደን በሰፊ ልዩነት እንደሚያሸንፍ አስታወቀ። ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከመቶ 60 በላይ ድምፅ አግኝቶ ከ48 ክፍለ ግዛቶች 46ቱን አሸነፈ። መጽሔቱም በ1938 ኅትመቱን አቆመ።

በዚያው ምርጫ ጆርጅ ጋሉፕ 50,000 ያህል ሰዎችን ብቻ ጠይቆ የሩዝቬልትን አሸናፊነት ለመተንበይ ችሏል። ለመሆኑ ብዙው መልስ ስለምን ከጥቂቱ አነሰ? አንደኛው ምክንያት በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስልክና መኪና የነበራቸው ይበልጡን ባለጸጎች መሆናቸው ነው። ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ ካርድ ከደረሳቸው መካከል ሩብ ያህሉ እንኳ አለመመለሳቸውና የመለሱትም ለውጥ ለማየት የጓጉት ማየላቸው ነው። ጋሉፕ ራሱ በ1948 ሃሪ ትሩማን ይሸነፋል ብሎ ተሳስቷል። ጠያቂዎቹ በተመደበላቸው ኮታ ውስጥ የሚጠየቀውን ሰው ራሳቸው ይመርጡ ነበር፤ ጥያቄውም ከምርጫው ቀን ሳምንታት ቀደም ብሎ ተቋርጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተጠያቂው በዕጣ የሚወሰንበት የናሙና አወጣጥ እየተስፋፋ ሄደ።

በድረ ገጽ ላይ ተለጥፎ የፈቀደ ሁሉ የሚሞላው መጠይቅ የ1936ቱ ካርድ ታናሽ ወንድም ነው። የሚሞላው እጅግ የተቆጣ ወይም እጅግ የተደሰተ ደንበኛ ነው፤ መካከለኛው ዝም ይላል። በአገራችን ደግሞ ኢንተርኔት የማያገኘው ደንበኛ ጥያቄው መኖሩን እንኳ አይሰማም። መብራት ወይም ውኃ የሚቋረጥበትን ሰው ሳይጠይቁ «ደንበኞቻችን ረክተዋል» ብሎ በጀት መመደብ ጉዳቱን በዚያው ሰው ላይ መጫን ነው።

በመሆኑም ጥናት አዘጋጁ አስቀድሞ በውጤቱ የሚወሰነውን ጉዳይ ይለይ። ከተሟላ የደንበኞች መዝገብ በዕጣ ናሙና ያውጣ፤ ኢንተርኔት ለሌላቸውም በስልክ ወይም በአካል ይድረስ። በአንድ ጥያቄ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ፤ «አገልግሎታችን ፈጣንና ትሕትና የተሞላበት ነውን?» የሚለው ጥያቄ ፍጥነቱን ወድዶ ትሕትናውን ላጣ ሰው መልስ የለውም። መጠይቁን ከመበተኑ በፊት በጥቂት ሰዎች ይፈትነው። ላልመለሱት ማስታወሻ ይላክ፤ ከእነርሱም ጥቂቶቹን በዕጣ መርጦ ደውሎ ይጠይቅ። በዘገባውም የመለሱትን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የተጠየቁትንም ያስፍር።

መሐንዲስ የአንድን አፈር ጠባይ የሚያውቀው በተመቸው ሥፍራ ብቻ ቆፍሮ አይደለም። ስለ ደንበኛውም የሚሰጠው ፍርድ ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ ሊኖረው አይገባም።