የድሬዳዋ ምድር ባቡር የጥገና ፋብሪካና የቀድሞ ሠራተኞቹ ትዝታ

ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚታተመው በዚህ መጽሔት የታሪክ ክበባችን አንድ ጽሑፍ እንዲያቀርብ በተጠየቀ ጊዜ፥ ከመካከላችን የሚበዙት ስለ ዐድዋ ጦርነት ወይም ስለ ላሊበላ እንጻፍ ብለው ነበር። ስለ እነዚህ ግን ከእኛ እጅግ የበለጡ ሊቃውንት ጽፈዋል። በሌላ በኩል ወደ ትምህርት ቤት ስንመላለስ ዘወትር የምናልፈው የምድር ባቡር ግቢ አለ። ከእኛ መካከል አያቱ ወይም የአያቱ ወንድም በዚያ ግቢ ያልሠራ ተማሪ ጥቂት ነው፤ ዳሩ ግን ከአጥሩ ውስጥ ምን ይሠራ እንደ ነበር አጥርቶ የሚናገር አንድ እንኳ አልተገኘም። ይህም ስላሳፈረን በጡረታ ላይ የሚገኙትን የቀድሞ ሠራተኞች እየዞርን ለመጠየቅ ተነሣን።

አስቀድመን ስለ መንገዱ አጀማመር ጥቂት እንናገር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የባቡር መንገድ እንዲሠራ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ለሊዮን ሸፍኔ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ። መንገዱ ወደ ሐረር እንዲወጣ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ተራራው ገደላማ፥ ወጪውም ከባድ ሆኖ ስለ ተገኘ ሐዲዱ ሐረርን ትቶ በቆላው በኩል መጣ። በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከተራራው ግርጌ ሲደርስ በዚያ የተቆረቆረችው ከተማ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለች፤ እርስዋም የዛሬዋ ድሬዳዋ ናት። ስለዚህ ከተማችን የተወለደችው ባቡሩ ተራራ መውጣት ስላቃተው ነው ብንል ሐሰት አይሆንብንም። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ሥራው ቆመ፤ በ1900 ዓ.ም. አዲስ ውል ተደርጎ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ የሚባለው ተረከበ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል፥ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋትም አንድ ሜትር ነበር።

ድሬዳዋ ከጅቡቲና ከአዲስ አበባ መካከል በመሆንዋ የጥገናው ፋብሪካ በእርስዋ ተተከለ። ሐዲዱም፥ ሎኮሞቲቩም፥ የብረት መሣሪያውም ሁሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ነበር። ሆኖም የተሰበረውን ሁሉ ከአውሮፓ እስኪመጣ መጠበቅ አይቻልም፤ ስለዚህ የጎደለውን እዚሁ ቀልጦ፥ ተቀጥቅጦና ተሞርዶ እንዲሠራ ግድ ሆነ። በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ የኢልግንና የሸፍኔን ስም እናገኛለን። መንኮራኩሩን ሲጠግኑ የኖሩትን ሠራተኞች ስም ግን አናገኝም።

ያነጋገርናቸው አረጋውያን አምስት ናቸው። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለ ለመኑን አንጽፍም። የሚነጋገሩት በአማርኛ፥ በኦሮምኛና በሶማልኛ እየቀላቀሉ ነው፤ ስለ ሥራ ሲሆን ግን ሁሉም ወደ ፈረንሳይኛ ያደላሉ። እኛ ሞርሳ የምንለውን ኤቶ ይሉታል፤ ቶርኖ የምንለውን ቱር ይሉታል። ሞርሳና ቶርኖ የጣልያን ቃላት መሆናቸውን ከእሳቸው ከአንደኛው ተማርን፤ እኒህ አባት ጣልያን በከተማው አምስት ዓመት ተቀምጦ ቃሉን ሲተውልን ፈረንሳይ ያን ያህል ዘመን ኖሮ ከግቢው አጥር ውጭ ሊያሻግረው አለመቻሉ ያስቃቸዋል። ብሎን የሚለው ብቻ ለሁለቱም ይስማማል።

ከነገሩን ሁሉ ይልቅ ልባችንን የሳበው የመንኮራኩሩ ነገር ነው። የባቡር መንኮራኩር ከሩቅ ሲያዩት አንድ ወጥ ብረት ይመስላል። በቀድሞው አሠራር ግን ውስጠኛው ክፍል ለብቻ፥ ሐዲዱን የሚረግጠው የብረት ቀለበትም ለብቻ ነው። ቀለበቱ በአሸዋና በቁልቁለት ፍሬን እያለቀ ሲሄድ መጀመሪያ በትልቁ ቶርኖ ላይ ተጭኖ ቅርጹ እንዲመለስ ይላጣል፤ ውፍረቱ ከመጠን በታች የወረደ እንደ ሆነ ግን አውልቆ በአዲስ መለወጥ ነው። አዲሱ ቀለበት የሚዘጋጀው ከመንኮራኩሩ በጥቂት ጠብቦ ነው። ታዲያ እንዴት ይገባል ብለን በጠየቅን ጊዜ አረጋውያኑ ፊዚክስ ያስተማረን ማን እንደ ሆነ ጠየቁን። ብረት ሲግል ይሰፋል፤ ስለዚህ ቀለበቱ ዙሪያውን በእሳት ይግላል፥ ሲሰፋም መንኮራኩሩ ይገባበታል፥ ሲቀዘቅዝ ጨምድዶ ይይዘዋል። ሙቀቱ ያነሰ እንደ ሆነ ቀለበቱ መንገድ ላይ ይላላል፤ የበዛ እንደ ሆነ ብረቱ ይበላሻል። ልኩ የሚታወቀውም በብረቱ ቀለም ነበር፤ ለዚህም ሲባል እሳቱ በጥላ ሥር እንዲሆን ይመረጥ ነበር፤ የድሬዳዋ ፀሐይ የጋለውን ብረት ቀለም ያጠፋልና።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው በመዶሻ የመፈተኑ ሥራ ነው። መንኮራኩሩ በትንሽ መዶሻ ሲመታ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ጥርት ብሎ ከጮኸ ደኅና ነው፤ ድምፁ ከታፈነ ግን ቀለበቱ ላልቷል ወይም ተሰንጥቋል ማለት ነው። ከአምስቱ አንደኛው አባት ይህን ሥራ ለብዙ ዘመን ሠርተዋል። ዛሬ ጆሮአቸው ከብዶ እኛ የምንናገረውን በጉልህ ካልጮኽን አይሰሙም፤ ሆኖም በተማሪዎች ፊት የብረት ዘነዘናና የተሰነጠቀ ሙቀጫ አስመጥተው በጣታቸው እየነኩ በመዶሻ ሲመቱ ልዩነቱን በእጃቸው ለዩት።

ሌላው አባት የሠሩት በማቅለጫው ክፍል ነበር። የአሮጌ ብረት ስብርባሪ ይቀልጥና በአሸዋ በተሠራ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የፍሬን ጫማ ይሆናል። ቅርጹን ለማውጣት በመጀመሪያ ከእንጨት አምሳያው ይጠረባል፤ ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር አምሳያው ከሚፈለገው ልክ በመጠኑ ከፍ ማለት አለበት። ጠራቢው ይህን የዘነጋ እንደ ሆነ የአንድ ቀን ድካም ተመልሶ ወደ እሳት ይገባል። እሳቸው እንደሚሉት የማቅለጫው ሠራተኛ የሚፈራው እሳቱን ሳይሆን ውኃን ነው፤ እርጥበት ያለው አሸዋ ላይ የቀለጠ ብረት ሲፈስ ውኃው በድንገት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ብረቱን ይረጨዋልና።

የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ከ1940ዎቹ ጀምሮ በናፍጣ በሚሠሩ ሲተኩ አብዛኛዎቹ አረጋውያን ገና ልጆች ነበሩ። ስለ እንፋሎቱ ዘመን የሚተርኩት ከአባቶቻቸው የሰሙትን ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ችግር ገጠመን። አንደኛው አባት፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲሄዱ በድሬዳዋ ሲያልፉ ማየታቸውን በሰፊው አጫወቱን። የሕዝቡን ዝምታ፥ የወታደሮቹን ፊት፥ የሎኮሞቲቩን ጢስ ሳይቀር ነገሩን። ጽሑፉን ስናስተካክል ግን ከመካከላችን አንዷ ተማሪ ቀደም ብለው የነገሩንን የትውልድ ዘመናቸውን አስታወሰች፤ 1933 ዓ.ም. ነበር።

ምን እናድርግ ብለን ተከራከርን። ግማሾቻችን ታሪኩን እንዳለ እንጻፈው፥ ሽማግሌ ማሳፈር ነውር ነው አልን። ግማሾቻችን ደግሞ ያልታየውን ታየ ብለን ካሳተምን መጽሔቱን የሚያነብ ሁሉ የቀረውንም አያምነንም አልን። በመጨረሻ ሁለት ልጆች ተልከው አባባ ያዩትን ነው ወይስ የሰሙትን ብለው በትሕትና ጠየቁ። እሳቸውም እጅግ ተቆጥተው ቡናውን እንኳ ሳያስጠጡ አሰናበቷቸው። በሁለተኛው ቀን ግን ከዘራቸውን ይዘው እስከ ትምህርት ቤታችን በር ድረስ መጡ። ያዩት አባታቸው እንደ ሆኑ፥ አባታቸው ይህን በየዓመቱ እየደጋገሙ ስለ ነገሯቸው ከጊዜ ብዛት የራሳቸው ዓይን ያየው እንደ መሰላቸው ተናገሩ። አባታቸው በሞቱ ጊዜ ታሪኩ አብሮ እንዳይሞት ፈርተው እንደ ሆነም ገለጹልን። እኛም በእሳቸው ፈቃድ እንደዚሁ ጻፍነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በማስታወሻ ደብተራችን ላይ ያዩትን በሰማያዊ፥ የሰሙትን በቀይ ቀለም መጻፍ ጀመርን፤ ቀዩ ካሰብነው በላይ በዛ።

ስለ 1969 ዓ.ም. የተናገሩት ሁሉ በሰማያዊ ተጽፏል። በዚያ ዓመት የሶማሊያ ጦር እስከ ድሬዳዋ ዳርቻ ደርሶ በነሐሴ ወር ሲመለስ ሐዲዱ ተቆራርጦ ድልድዮችም ፈርሰው ነበር። ስለ ጥር 1977 ዓ.ም. ግን ብዙ ሊነግሩን አልወደዱም። በአዋሽ አጠገብ መንገደኛ የጫነ ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ ከአራት መቶ በላይ ሰዎች ያለቁት በዚያን ጊዜ ነው። ሁሉም ዝም አሉ፤ እኛም አልገፋናቸውም።

ጅቡቲ በ1969 ዓ.ም. ነፃነትዋን ካገኘች በኋላ ምድር ባቡሩ የሁለቱ መንግሥታት የጋራ ንብረት ሆነ። እያደርም መለዋወጫ ጠፋ፥ ሐዲዱ አረጀ፥ የጭነት መኪናም በረከተ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ይመጣ የነበረው ባቡር ቀረ፤ በጅቡቲ በኩል ያለው እየተቆራረጠ ጥቂት ጊዜ ቆየ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው፥ የሐዲዱም ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር የሆነው አዲሱ መንገድ በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። የአሮጌው መንኮራኩር ልክ ለአዲሱ ሐዲድ አይሆንም። ስለዚህ የእነዚህ አባቶች ጥበብ ሊወርሰው የሚችል ሥራ አላገኘም፤ በዚህ የምናማርረው ባይኖርም፥ በከተማችን የአጥር ምሰሶ ሆኖ የቆመ የአሮጌ ሐዲድ ብረት ባየን ቁጥር እናስበዋለን።

ጽሑፉን ጨርሰን ከመታተሙ በፊት ለአምስቱም አነበብንላቸው። በመዶሻ የሚፈትኑት አባት ንባቡን በደንብ ስላልሰሙት ሥዕሉን ብቻ ተቀብለው ወደ መስኮቱ አቀረቡት። ቆይተውም መንኮራኩሩን ወደ ውጭ ስላችሁታል፥ ከንፈሩ በሐዲዱ ውስጠኛ በኩል መሆን አለበት፥ ይህ ባቡር ከግቢው በር ሳይወጣ ይወድቃል አሉን። እርሳስ ሰጠናቸውና ራሳቸው አስተካከሉት፤ በዚህ ገጽ ትይዩ የሚታየው ሥዕል እሳቸው ያረሙት ነው።