እንግዳ ወይስ ሙሽራ? የእጮኛ ቪዛ አጭር ታሪክ

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን አባባል ሰሞኑን ያስታወሰኝ በአንድ የክርስትና ግብዣ ላይ ከጎኔ የተቀመጠ ወጣት ያጫወተኝ ጉዳይ ነው። ልጁ አሜሪካ ከገባ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ዜግነትም አግኝቷል። እጮኛው ግን አዲስ አበባ ናት። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀለበት ታስሮ፣ በቤተሰብ በኩል ያለው ነገር ሁሉ አልቋል። የጋብቻው ወረቀት ብዙ ወራት ስለሚፈጅ፣ «እስከዚያው ለሁለት ወር መጥታ እናቴን ትተዋወቅ፤ አገሩንም ትየው» ብሎ የጎብኚ ቪዛ እንድትጠይቅ አደረገ። ልጅቷ በቆንስላው መስኮት ፊት የቆመችው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነበር። ይዛ የተመለሰችው ቪዛ ሳይሆን መከልከሏን የሚገልጽ አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

«ጋሼ» አለኝ፤ «እኔ የዚህ አገር ዜጋ ነኝ። ግብር እከፍላለሁ። የገዛ እጮኛዬን በእንግድነት መጥራት እንዴት ይከለከልብኛል?»

ያን ዕለት የሰጠሁት መልስ እንደው ለማጽናናት ያህል ነበር። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ጥያቄው አልለቅ አለኝ። ለካስ ከመቶ ዓመት በላይ ታሪክ ያለው ጥያቄ ኖሯል። ብዙዎቻችንን የሚነካ በመሆኑ ያገኘሁትን ለአንባቢያን ላካፍል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሚስት ባሏን ስትከተል

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አሜሪካ ጋብቻን የምታየው በባል ዓይን ነበር። በ1907 በወጣው ሕግ መሠረት የውጭ አገር ሰው ያገባች አሜሪካዊት ዜግነቷን ታጣ ነበር። በ1915 አንዲት የካሊፎርኒያ ሴት ይህን ተቃውማ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ብትደርስም ተፈረደባት። በከፊል እንኳ የተስተካከለው ሴቶች የመምረጥ መብት ካገኙ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1922 ነው።

ከዚያ የ1924ቱ የኮታ ሕግ መጣ። ሕጉ ለየአገሩ በዓመት የሚገባውን ሰው ቁጥር ወሰነ። ለኢትዮጵያ የተመደበው ዝቅተኛው ኮታ፣ ማለትም በዓመት 100 ሰው ነበር። የአሜሪካዊ ሚስት ከኮታው ውጭ እንድትገባ ሲፈቀድ፣ አሜሪካዊት ሴት ለባሏ ያንኑ መብት በሙሉ ያገኘችው ገና በ1952 ነው። እጮኛስ? እጮኛ የሚባል ነገር በዚህ ሕግ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ሚስት ካልሆነች እንደማንኛውም ሰው ወረፋ መጠበቅ ነው።

ጦርነትና ፍቅር

ነገሩን የለወጠው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በእንግሊዝ፣ በጣሊያን፣ በጀርመን፣ በአውስትራሊያ የሰፈሩ የአሜሪካ ወታደሮች ትዳር መሠረቱ። ወታደሩ በመርከብ ወደ አገሩ ሲመለስ ሚስቱ ወደብ ላይ እያለቀሰች ቀረች። ጩኸቱ ሲበረታ፣ ኮንግረስ በዲሴምበር 28 ቀን 1945 የወታደሮችን ሚስቶች፣ ባሎችና ልጆች ያለ ኮታ የሚያስገባ ሕግ አጸደቀ። በጃንዋሪ 1946 «አርጀንቲና» የተባለችው መርከብ 452 እንግሊዛውያን ሙሽሮችን ይዛ ከሳውዝሃምፕተን ተነሳች፤ በፌብሩዋሪ 4 ቀን ኒው ዮርክ ደረሰች። በሦስት ዓመት ውስጥ በዚህ ሕግ የገባው ሰው ከ100,000 በላይ ነው። በዘር የተከለከሉት የጃፓን ሴቶች ግን በሩ ጥቂት እንኳ የተከፈተላቸው በ1947፣ ያውም ለአጭር ጊዜ ነበር።

ያላገቡት ደግሞ ቀሩ። ቀለበት ያሰረ ወታደር ለሠርጉ ሲል ውቅያኖስ አቋርጦ እንዲመለስ ይገደድ ነበር። ስለዚህ በጁን 29 ቀን 1946 ሁለተኛ ሕግ ወጣ። ወጣቱን ጓደኛዬን ቢሰማው ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ይህ ሕግ ነው። የወታደር እጮኛ ለሦስት ወር በጎብኚነት እንድትገባ ተፈቀደላት። በሦስት ወር ውስጥ ከተጋቡ ነዋሪ ትሆናለች፤ ካልተጋቡ ትመለሳለች። ሠርጉ ቢፈርስ የመመለሻዋ ወጪ በመንግሥት ላይ እንዳይወድቅ እጮኛው ዋስትና እንዲያሲዝ ይጠየቅ ነበር።

ልብ በሉ፤ የአሜሪካ ሕግ በአንድ ወቅት «ጎብኚም ናት፣ ሙሽራም ናት» ብሎ አምኖ ነበር። በአንድ እግር አንዱን ዛፍ፣ በሌላው እግር ሌላውን መውጣት ይቻል ነበር ማለት ነው። ዋስትናውና የሦስት ወሩ ገደብ ለመንግሥት በቂ ነበሩ። በሺህ የሚቆጠሩ እጮኞች በዚህ መንገድ ገቡ። ሕጉ ግን ለጦርነቱ ወታደሮች የተሰጠ ውለታ እንጂ ለዜጋ ሁሉ የተሰጠ መብት አልነበረም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጊዜው አልፎ ተዘጋ።

የኤለን ክናውፍ ፈተና

መብትና ውለታ የተለያዩ መሆናቸውን በግልጽ ያሳየችው ኤለን ክናውፍ የተባለች ሴት ናት። ጀርመን ተወልዳ፣ በስደት እንግሊዝ ገብታ፣ በጦርነቱ ጊዜ በእንግሊዝ አየር ኃይል አገልግላለች። በ1948 የቀድሞ የአሜሪካ ወታደር የሆነውን ኩርት ክናውፍን ጀርመን ውስጥ አገባች። በኦገስት 1948 ኒው ዮርክ ስትደርስ ግን ወደ ባሏ ቤት ሳይሆን ወደ ኤሊስ አይላንድ ተወሰደች። ለምን? በምስጢር መረጃ ምክንያት ተባለ። መረጃው ምን እንደሆነ አልተነገራትም፤ ቃሏንም የሰማ አልነበረም።

ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በጃንዋሪ 1950 አራት ዳኞች ለመንግሥት፣ ሦስት ዳኞች ለእርሷ ሆኑ። አብላጫው የወሰነው፣ ወደ አገር መግባት ለውጭ ሰው መብት ሳይሆን መንግሥት በራሱ ሁኔታ የሚሰጠው ፈቃድ ነው ብሎ ነው። በኑረምበርግ የናዚዎችን የጦር ወንጀል የከሰሰው ዳኛ ሮበርት ጃክሰን አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ ነበር። ጋዜጦች ጮኹ፤ በኮንግረስም ተከራካሪዎች አገኘች። በመጨረሻ ጉዳዩ በግልጽ ሲታይ ማስረጃ የተባለው ከሰሚ ሰሚ ወሬ ሆኖ ተገኘና በኖቬምበር 1951 እንድትገባ ተፈቀደላት። እርሷ ገባች፤ ፍርዱ ግን በመጽሐፍ ላይ ቀረ።

«ሌላ እስክታስረዳ ድረስ…»

በጁን 1952 ኮንግረስ የፕሬዚዳንት ትሩማንን ተቃውሞ ሽሮ አዲስ የኢሚግሬሽን ሕግ አጸደቀ። የኮታው ሥርዓት በ1965 ቢሻርም የዚህ ሕግ አጥንት እስከ ዛሬ አለ። ከአጥንቶቹም አንዱ አንቀጽ 214(ቢ) ነው። የአንቀጹ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፤ የጎብኚ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ እንደማይመለስ ይቆጠራል፤ እንደሚመለስ ቆንስሉን ማሳመን የጠያቂው ፋንታ ነው። በወንጀል ሕግ ሰው ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ ነው ይባላል። እዚህ ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ ይግባኝም የለውም። እንደገና ማመልከት ግን ይቻላል።

እንግዲህ ያቺን ልጅ በዚህ ሚዛን ላይ እናስቀምጣት። ጎብኚ ለመባል ሥራዋን፣ ቤቷን፣ ቤተሰቧን አሳይታ «እመለሳለሁ» ማለት አለባት። ማመልከቻው ደግሞ እጮኛ አሜሪካ አለሽ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ስደተኛ ቪዛ ተጠይቆልሽ ያውቃል ወይም ይላል። እውነቱን ስትመልስ፣ አሜሪካ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጥ ሰው አላት ማለት ነው። ለሙሽራነት የሚጠቅማት ማስረጃ ሁሉ፣ ቀለበቱ፣ ፎቶግራፉ፣ ደብዳቤው፣ ለጎብኚነት ጠላቷ ሆነ። ወጣቱ የጻፈው የግብዣ ደብዳቤ ሳይቀር በእርሷ ላይ መሰከረ።

ይህ ማለት እጮኛ ጨርሶ መጎብኘት አትችልም ማለት አይደለም። የቆንስሎቹ መመሪያ የእጮኛን ቤተሰብ ለመተዋወቅ፣ ሠርግ ለማሰናዳት፣ እንዲያውም እዚያው ተጋብቶ ወደ አገር ለመመለስ በጎብኚ ቪዛ መሄድን ይፈቅዳል። ቁም ነገሩ መመለሱ ነው። በእውነት የምትመለስ ከሆነ እውነቱን ይዛ መቅረብ ትችላለች፤ ማሳመኑ ግን ከባድ ነው።

የራሷ በር

እጮኛ የራሷን በር ያገኘችው በቬትናም ጦርነት ዘመን ነው። በአፕሪል 7 ቀን 1970 በወጣው ሕግ «ኬ» የተባለው ቪዛ ተፈጠረ። የአሜሪካ ዜጋ ያመለክታል፤ እጮኛዋ ትገባለች፤ በ90 ቀን ውስጥ መጋባት አለባቸው። የ1946ቱ የሦስት ወር ሐሳብ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን ለወታደር ብቻ ሳይሆን ለዜጋ ሁሉ። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው ግን በዚህ በር ሊጠቀም አይችልም።

በኖቬምበር 1986 ኮንግረስ የውሸት ጋብቻን ለመከላከል ብሎ በሩን አጠበበው። ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ እጮኛሞቹ በአካል መተያየት አለባቸው ተባለ። ጽኑ የአገር ባህል ይህን የሚከለክል ከሆነ ወይም መገናኘቱ ለዜጋው ከባድ ችግር የሚያስከትል ከሆነ በልዩ ፈቃድ ሊታለፍ ይችላል። ጋብቻው ገና ሁለት ዓመት ላልሞላው የሚሰጠውም ግሪን ካርድ የሁለት ዓመት ጊዜያዊ ሆነ። በፎቶግራፍና በዘመድ ምስክርነት ሚስት ለምንመርጥ ለእኛ የመተያየቱ ግዴታ ቀላል ነገር አልነበረም። ከዚያ በ1996 የወጣው ሕግ የስፖንሰሩን ፊርማ በፍርድ ቤት የሚያስጠይቅ ውል አደረገው።

«በጎብኚነት ትግባና እዚሁ እንጋባ» የሚለው ምክርም በየቡና ቤቱ ይሰማል። በጎብኚነት ገብተው በኋላ ሐሳባቸው ተለውጦ በሕግ የተጋቡ ሰዎች አሉ። አደጋው ያለው አስቀድሞ አስቦ ቆንስሉን መዋሸት ላይ ነው። በ2017 የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ባወጣው ደንብ መሠረት፣ በገባች በ90 ቀን ውስጥ አግብታ ኑሮዋን እዚህ ካደረገች ቆንስሎች ከመጀመሪያው እንደዋሸች ሊገምቱ ይችላሉ። ውሸት ተብሎ ከተወሰነ፣ በልዩ ይቅርታ ካልተነሣ በቀር በሩ ዕድሜ ልክ ይዘጋል። የሁለት ወር ጉብኝት የዕድሜ ልክ ትዳርን ሊበላ ይችላል ማለት ነው።

ለወጣቱ ያለኝ መልስ

«ዜጋ ነኝ፤ እንዴት ይከለከልብኛል?» ነበር ጥያቄው። የመጨረሻውን መልስ የሰጠው በጁን 2024 የተወሰነው የሳንድራ ሙኞዝ ጉዳይ ነው። ሴትዮዋ አሜሪካዊት ጠበቃ ናት፤ ባሏ የኤልሳልቫዶር ሰው ነው፤ ቪዛ ተከለከለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በስድስት ለሦስት ድምፅ፣ ዜጋ የመጋባት መብት ቢኖረውም የውጭ አገር የትዳር ጓደኛውን ወደ አገር የማስገባት መሠረታዊ መብት የለውም ብሎ ወሰነ። ከድጋፍ ምክንያቶቹ አንዱ ያው የ1950ው የክናውፍ ፍርድ ነው። ለተጋቡት እንዲህ ከሆነ ለእጮኛማ ምን ይባላል?

ስለዚህ ወንድሜ፣ የተከለከልከው አንተ ስለተናቅህ ወይም እርሷ ስላጠፋች አይደለም። ከ1946ቱ ሕግ በቀር የዚህ አገር ሕግ እንግዳንና ሙሽራን በአንድ በር አስገብቶ አያውቅም። ለፍቅር በሩን የከፈተውም ብዙ ጊዜ ጦርነት ነው፤ ተራው ሰው ሲጠይቅ ግን «አስረዳ» ይባላል። ይህ ትክክል ነው አልልም። ወታደሩን በዋስትናና በሦስት ወር ያመነ ሕግ፣ ታክሲ ነጂውንና ነርሷን የማያምንበት ምክንያት እስከ አሁን አልገባኝም። ሕግ የሚለወጠው ግን ባለጉዳዮች ሲናገሩ ነው፤ የእነዚያ ሙሽሮች ጩኸት ኮንግረስን አነቃንቋል። እኛም የምርጫ ካርድ ካወጣን ቆይተናል።

እስከዚያው ሁለት ዛፍ ላይ አትውጣ። የእጮኛ ማመልከቻህን በወግ አስገባ፤ በየጊዜው የሚወጣውን የመንግሥት ትእዛዝ ከሚያውቅ ጠበቃ ጠይቅ። ፈቃድ ስታገኝ እናትህን ይዘህ አንተው ሂድ። እናትህ ምራቷን አዲስ አበባ፣ በገዛ አገሯ ቡና እያፈላች ብታያት ምን ክፋት አለው? ለማመልከቻውም መተያየታችሁ ይቆጠርላችኋል።

ቸር ይግጠመን።