ሚያዝያ 27 ለጋይንት ምኑ ነው?

በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ሲመጣ አራት ኪሎ በሚገኘው የድል ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል። ጎፈር የደፉ፣ ጋሻ ያነገቡ አዛውንት አርበኞችና ልጆቻቸው ይሸልላሉ፣ ይፎክራሉ። የቀኑን ታሪክ ተማሪው ሁሉ ያውቀዋል። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ማርሻል ባዶሊዮ ጦሩን እየመራ አዲስ አበባ ገባ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእንጦጦ በኩል ወርደው ያችኑ ከተማ ተረከቡ። ልክ አምስት ዓመት፣ ቀን ሳይዛነፍ።

ሰው እንዲህ ያለ መግጠም ይወዳል። «የእግዜር ሥራ ነው» የሚልም ሞልቷል። ነገሩን ጠጋ ብሎ ላየው ግን የሰው እጅም አለበት።

ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ወደ ኦሜድላ የተሻገሩት ጥር 12 ቀን 1933 ነው፤ የጥምቀት ማግስት፣ ቃና ዘገሊላ፣ የታቦተ ሚካኤል ቀን መሆኑ ነው። ጎጃምን አቋርጠው ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ነበር። በዚያው ዕለት፣ በዚያው መጋቢት 28፣ ከኬንያ ተነሥቶ በሐረር በኩል የመጣው የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ስለዚህ ዋና ከተማዋ ከጣሊያን እጅ የወጣችው ባለቤቱ ገና ደብረ ማርቆስ ሳለ ነው። ንጉሡ ወዲያው ልምጣ ቢሉም የእንግሊዙ አዛዥ ጄኔራል ካኒንግሃም «ቆይ» አላቸው። በከተማዋ በሺዎች የሚቆጠሩ ጣሊያናውያን ነዋሪዎች ስለነበሩ ሕዝቡ ይበቀላቸዋል ብሎ ሰግቷል። ከሦስት ሳምንት በላይ ተጠበቀ። መንገዱ ሲከፈት ሚያዝያ ተጋምሶ ነበርና፣ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን መጠበቅ ወይም አንድ ቀን መቅደም ከባድ አልነበረም። ባዶሊዮ የገባበትን ቀን በራሱ በቀኑ መሻር ደግሞ ለአንድ ንጉሥ ከዚያ የበለጠ አዋጅ የለም።

ደርግ ይህን በደንብ ስለገባው ነው ቀኑን የነካው። የንጉሡ መግቢያ እየታሰበ እንዲኖር ስላልፈለገ የድሉን በዓል ወደ መጋቢት 28 አዛወረው። ያደረገውን ያወቀ አይመስልም። ኢምፔሪያሊዝምን በየሰልፉ የሚያወግዝ መንግሥት የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባ የገባበትን ቀን የኢትዮጵያ የድል ቀን አደረገ። ከንጉሡም ቢሆን አላመለጠም፣ መጋቢት 28 ራሱ ደብረ ማርቆስ የገቡበት ዕለት ነውና። ይባስ ብሎ የተወው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ሜይ 5 ነው፤ የካርል ማርክስ ልደት! (በእኛ አቆጣጠር ካሰሉት ግን ማርክስ የተወለደው ሚያዝያ 28 ቀን 1810 ነው። የሁለቱ ዘመን መቁጠሪያዎች ልዩነት በ19ኛው መቶ ዓመት ከዛሬው በአንድ ቀን ይለይ ነበርና፣ በአንዱ የገጠመው በሌላው አይገጥምም።) ከ1983 በኋላ ሚያዝያ 27 ወደ ቦታው ተመለሰ።

እስከዚህ ድረስ ክርክሩ ሁሉ የአዲስ አበባ ነው። ማን ገባ፣ መቼ ገባ፣ በየት በኩል ገባ። ይህ ቀን የጉናን ተራራ ዞሮ እስቴ፣ ስማዳና ጋይንት ሲደርስ ግን በሁለቱም ጫፉ አይገጥምም።

መግቢያውን እንይ። የጣሊያን ጦር ጎንደርን የያዘው መጋቢት 23 ቀን 1928 ነው። ከዚያ ወደ ጣና ወረደ፣ ሚያዝያም ሳያልቅ ደብረ ታቦር ደረሰ። ባዶሊዮ አዲስ አበባ ሲገባ የቤጌምድር ሰው ወራሪውን በደጁ አይቶታል። ለነፋስ መውጫ ወይም ለመካነ ኢየሱስ ሰው የአገር መያዝ የተጀመረው ሚያዝያ 27 አይደለም።

መውጫውስ? ንጉሡ እንጦጦ ላይ ሲታዩ የአውስታው መስፍን አምባ አላጌ ላይ ገና እየተዋጋ ነው፤ እጁን የሰጠው ግንቦት 11 ነው። ደብረ ታቦር ያለው የጣሊያን ጦር ደግሞ ከዚያም በኋላ ቆይቶ፣ ዙሪያውን በአርበኞች ተከቦ፣ በሰኔ መጨረሻ ገደማ ነው የተማረከው። ስለዚህ አዲስ አበባ ሰንደቅ ዓላማዋን ከሰቀለች በኋላ ለሁለት ወር ያህል ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከጠላት ምሽግ ጋር ጎረቤት ሆነው ከርመዋል። ያ ወቅት ደግሞ የእርሻ ወቅት ነው። በሬውን ጠምዶ ልጁን ለጦር የሰጠ ገበሬ «አገርህ ነፃ ወጥታለች» ቢባል ምን ይል ነበር?

ከዚያም ክረምቱ ገባና ጎንደር ላይ ያለው ጦርነት ረገበ። ዝናቡ ሲያባራ ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ የዘጋው የቁልቋል በር ምሽግ ተጠቃ። ከእንግሊዞችና ከምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች ጎን የአገሩ አርበኞች ተዋጉ። ምሽጉ የወደቀው ኅዳር 12 ቀን 1934 ነው፤ ኅዳር ሚካኤል። ጄኔራል ናዚ ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ከስድስት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 18 ነው። የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻ መደበኛ ጦር ያበቃለት እዚያ ነው፤ ከሚያዝያ 27 ስድስት ወር ከሃያ ቀን አልፎ።

የዚህ አገር ሰው ቀንን በቁጥር ብቻ አይዝም፣ በታቦትና በበዓል ይይዛል። የዓድዋን ድል «የካቲት 23» ከማለት ይልቅ «የጊዮርጊስ ዕለት» የሚል ሽማግሌ ዛሬም አይጠፋም። ይህ አያያዝ ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚያሳየው ደግሞ ከጋይንት ጋር የተያያዘ ሌላ ቀን ነው።

በ1860 መባቻ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ቤጌምድር ሸፍቶባቸው ነበር፤ አገሩ በዘመቻና በዘረፋ ደቅቋል። ጋፋት ላይ የተቀለጠው ሴባስቶፖል ብቻውን ወደ ሰባት ቶን ይመዝናል። እሱን በጋይንት ደጋ፣ በጨጨሆ በኩል ወደ ዋድላና ደላንታ ለማሳለፍ መንገዱ ከፊት ከፊት እየተቆፈረ፣ ድንጋዩ እየተፈነቀለ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ጠፍር እየጎተተ ነው የተሄደው። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ይሸከሙ ነበር። ዛሬ አውቶቡስ በግማሽ ቀን የሚጨርሰው መንገድ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። መድፉን የጎተተው፣ እህሉን ያስረከበው፣ ጎጆውን የለቀቀው በመንገዱ ዳር ያለ ባላገር ነው።

መቅደላ የደረሱት መጋቢት ውስጥ ነበር። እሮጌ ላይ ጦርነቱ የሆነው ሚያዝያ 3፣ ስቅለት ነው። ሚያዝያ 5 ፋሲካ ሆነ። በዚያ ዓመት የምሥራቁና የምዕራቡ ፋሲካ በአንድ ቀን ስለዋለ፣ በናፒየር ሰፈርም በመቅደላ አምባም የተከበረው አንድ በዓል ነው፤ ንጉሡም ለእንግሊዙ ጄኔራል የፋሲካ ከብት ላኩለት። በማግስቱ ሚያዝያ 6፣ በዕለተ ማዕዶት፣ አምባው ሲሰበር ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ።

ሚያዝያ 6 በየዓመቱ ይመጣል፤ ማዕዶትን ግን ብዙ ጊዜ አያገኛትም። ቁጥሩን ብቻ የያዘ ሰው ጦሙ የተፈታበትን ሳምንት፣ ከብቱ ለምን እንደተላከ፣ ሁለቱም ወገን ገና ከበዓል ሳይወጣ መታኮሱን አያይም።

ሚያዝያ 27 በአዋጅ የታወቀ በዓል ስለሆነ በወገዳም በአርብ ገበያም መሥሪያ ቤት ይዘጋል። የደብረ ታቦሩ ቀን ግን በዓል የለውም። ሰኔ መጨረሻ ላይ ጉና ሥር ያለው ሰው ማሳው ውስጥ ነው።