ከቡሱሉ እስከ ኤንታንዲክዋ፦ በቡጋንዳ የገበሬ ክፍያ ስያሜዎች ታሪክ

መንግሥት ለገበሬ የሚሰጠው ገንዘብ ስም ያስፈልገዋል። ገንዘቡ ስጦታ ይሁን ብድር፣ ወይም ተቀባዩ ራሱ ያፈራው ሀብት፣ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው በስሙ ነው። ይህ ጽሑፍ በካምፓላ ከሜንጎ ኮረብታ የሚተዳደረው የቡጋንዳ መንግሥትና ከእርሱ በላይ የነበሩት አስተዳደሮች የተገለገሉባቸውን ስያሜዎች በጊዜ ቅደም ተከተል ይመለከታል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1900 በሜንጎ የተፈረመው ስምምነት ለባላባቶችና ለሹማምንት መሬት በስኩዌር ማይል አደለ፤ ከእንግሊዝኛው «ማይል» የመጣው «ማይሎ» የርስቱ መጠሪያ ሆነ። ለእያንዳንዱ «ሳዛ» ማለትም አውራጃ ገዢ በዓመት 200 ፓውንድ ደመወዝ ተቆረጠለት። እንግዲህ ስምምነቱ ከግምጃ ቤት ወደ ገጠር የመደበው ገንዘብ የሚደርሰው ለሹሙ እንጂ ለአራሹ አልነበረም። አራሹ በፊናው ለማይሎ ባለቤት ስለ ይዞታው «ቡሱሉ»፣ ስለ ምርቱም «ኤንቩጆ» ይከፍል ነበር። በአማርኛ «ሲሶ» እና «እርቦ» መጠኑን በስማቸው ውስጥ ይዘዋል፤ «ኤንቩጆ» ግን መጠን አይናገርም። ከ1904 ወዲህ ጥጥ ሲስፋፋ ባለ መሬቶቹ ድርሻቸውን ከፍ ለማድረግ ቃሉ አላገዳቸውም። ገደቡ ከሕግ መምጣት ነበረበት፤ በ1927 በሜንጎው ምክር ቤት በሉኪኮ የወጣውና በ1928 የጸናው ሕግ ቡሱሉን በዓመት 10 ሽልንግ ወሰነ፣ ለኤንቩጆም ልክ አበጀለት።

ሁለተኛው ምዕራፍ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ዘመን ነው። የቅኝ አገዛዙ መንግሥት ጥጥና ቡና በጅምላ ሲሸጥ ለገበሬው ከሽያጩ ዋጋ ያነሰ እየከፈለ ልዩነቱን በ«ዋጋ መደገፊያ» ፈንዶች አከማቸ። የዓለም ገበያ ሲወድቅ ከፈንዱ ይደጎማል ተባለ። ስሙ «ድጋፍ» ቢልም የሚደገፈው ገበሬ በራሱ ገንዘብ ነበር። በኢግናሺየስ ሙሳዚ የሚመራው የአፍሪካውያን ገበሬዎች ማኅበር ቅሬታም ከዚሁ ከጥጥ ዋጋና ገበያ ጋር የተያያዘ ነበር። በሚያዝያ 1949 በሜንጎ በካባካው ቤተ መንግሥት ደጅ የተሰበሰበው ሕዝብ ጥጡን ራሱ እንዲዳምጥና ሹማምንቱን ራሱ እንዲመርጥ ጠየቀ፤ ነገሩም ወደ ሁከት ተለወጠ።

በ1966 የማዕከላዊው መንግሥት ጦር የሜንጎን ቤተ መንግሥት ወጋ፣ በ1967 ነገሥታቱ ተሻሩ፣ በ1975 የወጣው አዋጅም የማይሎ ርስትን ሻረ። ከዚያ ወዲህ ስም አውጪው ማዕከላዊው መንግሥት ሆነ፤ ቃላቱ ግን ከሉጋንዳ መወሰዳቸው አልቀረም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የገጠር ብድር «ኤንታንዲክዋ» ተባለ፤ «መጀመሪያ» ማለት ነው፣ በአማርኛ «መቋቋሚያ» ይቀርበዋል። ሉጋንዳ ለዕዳ «ኤባንጃ» የሚል ግልጽ ቃል እያለው ስሙ መመለስን አላነሣም፤ የብድሩም አመላለስ ደካማ ነበር። ለዚህ ቃሉን ብቻ መውቀስ አይገባም፣ ከ1996 ምርጫ ጋር መቀራረቡም ገንዘቡን የፖለቲካ ስጦታ አስመስሎታል። በ2022 የተጀመረው መርሐ ግብር ደግሞ ስሙን ከአስተዳደር እርከን ወሰደ፦ በቡጋንዳ «ሙሉካ» ለሚባለው ቀበሌ በዓመት 100 ሚሊዮን ሽልንግ ይመደባል፣ አንድ ቤተሰብ እስከ 1 ሚሊዮን ሽልንግ በ6 በመቶ ወለድ ይበደራል። ስሙ ገንዘቡ የት እንደሚደርስ ይነግራል፤ መመለስ እንዳለበት ግን እንደ ቀዳሚው ሁሉ አይናገርም።

የእኛም መዝገበ ቃላት ከዚህ የሚማረው አለ። «ድጎማ»ን «እርዳታ» ብሎ መፍታት የገንዘቡን ምንጭ ይደብቃል። ከፋዩ ማን እንደሆነ፣ ገንዘቡ ቀድሞ የማን እንደነበረና ይመለስ እንደሆነ በፍቺው ውስጥ ሊገባ ይገባል። በ1949 በሜንጎ ደጅ የቆሙት ገበሬዎች ቅሬታ በከፊል ከጥጥ ዋጋና ገበያ ጋር የተያያዘ ነበርና።