ንጉሡ ጀበል አውሊያ ሲጠብቁ

እስቲ ስሙኝማ። ከካርቱም ጀብራ ሰፈር ተነስታችሁ ነጭ ዓባይን በቀኝ ትታችሁ ወደ ደቡብ ብትወርዱ ጀበል አውሊያ ትደርሳላችሁ። ዛሬ ስሟ የሚነሳው በግድቧ ነው፤ በመጋቢት 2017 የሱዳኑ ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ወታደሮች ካርቱምን ለቀው ሲወጡ የተሻገሩት በዚያው ግድብ ላይ ነው። እኔ የማወጋችሁ ግን ከዚያ 85 ዓመት ቀድሞ እዚያ ስለተቀመጡ አንድ እንግዳ ነው።

ጊዜው 1932 ዓ.ም.፣ ወሩ ሰኔ። ጣልያን በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀች። አራት ዓመት በእንግሊዝ አገር፣ ባዝ በምትባል ከተማ ስደት ላይ የነበሩት አፄ ኃይለ ሥላሴ ስማቸውን ለውጠው፣ ውሃ ላይ በሚያርፍ አውሮፕላን ግብፅ ገቡ፤ በዋዲ ሀልፋ በኩልም ካርቱም ደረሱ። የታጠቀ ጦር ይቆየኛል ብለው ነበር። ኧረ የምን ጦር! በሱዳን ያለው የእንግሊዝ ኃይል ከአገሬው ወታደር ጋር ተደምሮ ወደ 9 ሺህ ቢሆን ነው። ጣልያን በበኩሏ በምሥራቅ አፍሪካ 250 ሺህ ያህል አሰልፋለች። የካርቱም ሹማምንት የንጉሡ መምጣት ራስ ምታት ሆነባቸው፤ ከከተማ አርቀው ጀበል አውሊያ አንድ ቤት ሰጧቸው። ቁጭ ብለው ይጠብቁ ተባለ።

ወደኋላ ልመልሳችሁ። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን፣ አንዱ ቢነካ ሁሉም ይነሳል የሚለውን ቃል ይዛ ነው። ጣልያን ጦር ስታከማች፣ በ1927፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ፍትሕ ይመስላል አይደል? ጣልያን መድፉንም አውሮፕላኑንም ራሷ ትሠራለች፤ እጁ የታሰረው የእኛ ብቻ ነበር። በስዊድን መኮንኖች የሚመራው የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የተከፈተውም ገና በዚያው ሰሞን ነው፤ ተማሪዎቹ ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ማይጨው ላይ ጦራችን የደረሰበትን ሽንፈት ታውቃላችሁ። ሰኔ 23 ቀን ንጉሡ ጄኔቫ ቆመው አቤት አሉ፤ ማኅበሩ በቀናት ውስጥ በጣልያን ላይ የጣለውን ማዕቀብ ለማንሳት ወሰነ።

ንጉሡን ቃል አመኑ ብዬ አልወቅስም። እኔን የሚከነክነኝ ሆለታ ነው፤ ያ ትምህርት ቤት አሥር ዓመት ቀድሞ ቢከፈት ኖሮ እላለሁ።

ይህን ዛሬ ያነሳሁት በሌላ ቃል ልደገፍ ወይስ በራሴ ልቁም የሚለው ጥያቄ አውሮፓም ላይ ስለደረሰ ነው። ጄኔቫ ላይ ፊታቸውን ያዞሩብን አገሮች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ከአሜሪካ ጋሻ ሥር ተጠልለው ኖሩ። በየካቲት 2017 አሜሪካ ለዩክሬን የምትሰጠውን መሣሪያ ለቀናት ስታቆም ደነገጡ። በሰኔ ሄግ ላይ የኔቶ አባላት እስከ 2035 እ.ኤ.አ. ከአገር ምርታቸው 5 በመቶ ለመከላከያ እናውላለን ብለው ተስማሙ። ገንዘቡ ይገኝ ይሆናል። ግን ከአይዘንሃወር ጀምሮ በአውሮፓ የኔቶ ጦር ጠቅላይ አዛዥ ሁሌም አሜሪካዊ ነው። ለእኔ ከበጀቱ ይልቅ ይሄ ይከብዳል። ለምን እንደሚከብድ እንዲገባችሁ የንጉሡን ጉዞ ልጨርስላችሁ።

ንጉሡ ጀበል አውሊያ ሲጠብቁ አገር ውስጥ ማንንም ያልጠበቁ ነበሩ። በላይ ዘለቀ ጎጃም ላይ፣ አበበ አረጋይ ሸዋ ላይ ከጠላት በማረኩት ጠመንጃ ዓመታት ተዋግተዋል። የእንግሊዙ ኮሎኔል ሳንድፎርድ ክረምቱን ጎጃም ሲዘልቅ ለሥራው መሠረት የሆኑት እነዚሁ አርበኞች ናቸው። ካርቱም አጠገብ ሶባ ላይም ለስደተኛው ወጣት የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ኋላ በ1953 መፈንቅለ መንግሥት የሞከሩት ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከዚያ የወጡ ናቸው። ጥር 12 ቀን 1933፣ በጥምቀት ማግሥት፣ ንጉሡ ኦሜድላ ላይ ባንዲራቸውን ሰቀሉ። ዊንጌት የሚባለው መኮንን ጓዙን በሺህ በሚቆጠር ግመል ጭኖ ተከተለ፤ ግመሎቹ አብዛኞቹ መንገድ ላይ አለቁ።

አሁን ልብ በሉ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሡ ደብረ ማርቆስ ገቡ። በዚያው ዕለት ከኬንያ የመጣው የጄኔራል ካኒንግሃም ጦር አዲስ አበባን ያዘ። ዋና ከተማቸው ነጻ ወጥታለች፣ ንጉሡ ግን አይገቡም! አዲስ አበባ ያሉት የጣልያን ሲቪሎች ጉዳት እንዳይደርስባቸው፣ ትንሽ ይቆዩ ተባሉ። አዛዡ ሌላ ሲሆን እንዲህ ነው፤ የገዛ ቤታቸው መግቢያ ቀን በሌላ ሰው ቀን መቁጠሪያ ላይ ሆነ። በመጨረሻ እሳቸውም መንገድ ጀመሩ፤ ዓባይን ተሻግረው፣ ጠላት ከተማዋን በያዘ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ገቡ።

ገቡና አለቀ እንዳትሉ። በጥር 1934 ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ውል ለእንግሊዝ መንግሥት አማካሪነቱንም፣ የጦር ሥልጠናውንም፣ የአንዳንድ ግዛት አስተዳደሩንም ሰጠ። ከእነዚህ ግዛቶች አንዱ የሆነው ሐውድ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በ1947 ነው፤ ኦሜድላ ላይ ባንዲራ ከተሰቀለ ከ14 ዓመት በኋላ።